የምንጩ ውኃና የሚሊጢኑ ሰው

ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ወንድምአገኝ፤ አሶሳ።

እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? ሙቀቱን ለመዱት ወይስ አሁንም ያስመርርዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ገና አልተረጋጋም።

የላኩልኝን የግሪክ ፈላስፎች መጽሐፍ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ማስተማር ጀምሬ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ቀሳውስት ባስጠራባት በሚሊጢን፣ ከልደተ ክርስቶስ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ታሌስ የሚባል ሰው ነበር አልኋቸው። የሁሉ ነገር መነሻ ውኃ ነው ይል ነበር። ምድር ስትናወጥ ሌላው የአማልክት ቁጣ ነው ሲል፣ እሱ በውኃ ላይ ስለምትንሳፈፍ ነው አለ። ተማሪው አናክሲማንድሮስ ደግሞ መነሻውስ ወሰን የሌለው ነገር ነው ብሎ መምህሩን ተቃወመ። ቢሳሳቱም ከቁጣው ይልቅ ምክንያቱን ፈለጉ። ልጆቹ ይህን ወደዱት።

በዚህ መካከል የመንደሩ ሕፃናት በተቅማጥ ይወድቁ ጀመር። ሰዉ ሸክላ ሠሪዋን አልጣሽን ቡዳ ናት፣ እሷ ናት የበላቻቸው አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጇን ከበቡት። ልጃቸው የታመመባቸው ጎረቤቴ ጋሽ ክንፈሚካኤል ዱላ ይዘው ከፊት ነበሩ። እኔ መካከል ገባሁ።

«ልጄ እየሞተብኝ የግሪክ ተረት ልታወሪልኝ ነው? ዞር በይ!» አሉኝ።

«ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆችም ታመዋል፤ እነሱ አልጣሽን አይተዋት አያውቁም። የሚጠጡት ግን ከእኛው ምንጭ ነው። ሄደን እንየው» አልኋቸው።

ሰዉ ጮኸ፤ አንዱ ድንጋይ አነሣ። ጋሽ ክንፈሚካኤል ዱላቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሺ እንሂድ። ምንም ከሌለ ግን አንቺም አብረሻት ከመንደሩ ትወጫለሽ» አሉ።

ባይኖርስ እያልኩ መንገዱን ሁሉ ስጸልይ ሄድኩ። ከምንጩ ዐይን በላይ፣ ጎርፍ ያመጣው የአህያ ጥንብ ድንጋይ ሥር ተወሽቆ ገምቷል። ጋሽ ክንፈሚካኤል አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዝለው ወደ ቡሬ ሮጡ፤ በሕክምና ተረፈ።

አልጣሽ ግን በመንደሩ አልቀረችም። ጋሽ ክንፈሚካኤል ይቅርታ ሊጠይቋት ሲሄዱ ዕቃዋን ጭና አገኟት። ዱርቤቴ ካለው ወንድሟ ዘንድ ልትገባ ስትነሣ እኔ ሸኘኋት። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ እጄን ያዘችና፣ «ያምሮትዬ፣ ዛሬስ ጥንብ ተገኘ። ባይገኝ ኖሮስ?» አለችኝ። መኪናው ሲሄድ እጄን ለቀቀች። በማግስቱ ጥያቄዋን ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው።

ለእትዬ ሲሳይነሽ እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ። ልጅዎን ሰውነትን አቅፈው፣ ትንሿን ንጋትን ጉንጯን ስመው ሰላም ይበሉልኝ። ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ።

ታናሽ እህትዎ ያምሮት
ቡሬ ዙሪያ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.