በየአሥራ ሁለት ደቂቃው የሚነሳው አለቃ

አሰላ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዳናዊት፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ ከወገቤና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የከዲሮ ልጅ ፋጡ ናት። የእመቤትሽ እህት ሠራተኛ እንደምትፈልግ ራስሽ ነግረሽኝ አልነበር? ነገሩ ተሳክቶላት ነገ ወደ እናንተ አገር ትበራለች። ቤተሰቡ ዓርብ ዓርብ እናንተ ጋ ስለሚሰበሰብ እዚያው ታገኝሻለች። ልጄ፣ ብቻዋን ሆና ብትሰጥሽ ግን እንዳትከፍቺው። በሌሎቹ የእመቤትሽ እህቶች ቤት የሚሠሩትን ሁለቱን ያገራችንን ልጆች ይዛ፣ ጠዋት፣ አጠገብሽ ተቀምጠው እንዲሰጡሽ ብያታለሁ። ይህን እያነበብሽ ከሆነ እንግዲህ ከእነሱ ጋር ነሽ ማለት ነው።

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሰላምታዬን እጽፋለሁ፣ የከዲሮን ቤት ሰላምታ እጽፋለሁ፣ የሰሚርን እጽፋለሁ፣ ከዚያ በደብዳቤ ላይ ሁልጊዜ የሚከተለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶው አልሄድ ይለኛል። ስለዚህ ዛሬ በሌላ በኩል ልምጣበት። ከአለቃው ልጀምር።

ሰሚር ኢንተርኔት ቤት ሁለት ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ሆነሽ ስትሠሪ ልጆቹ ሲጫወቱ አይተሻል፤ አባትሽ ሲጫወት ግን አላየሽም። አንቺ የምታውቂው በጨዋታው ውስጥ ወርቁን ይዤ ዋሻው ደጃፍ ካለችው ድንጋይ ጋ ቆሜ ስጠብቅሽ ነው። ወርቁ እንዴት እንደሚመጣ እኔና ወገቤ ነን የምናውቀው።

ጥር ላይ እመቤትሽ ስልክሽን ወስዳ ድምፅሽ ሲጠፋብን እናትሽ እህል አልቀምስ ብላ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲያ ሆነን ስንቆይ አንድ ቀን ሰሚር ዝናብ እየመታው በሩጫ መጣ። ከመናኸሪያው እኛ ቤት ድረስ ባጃጅ እንኳ አልያዘም። "ጋሼ፣ ዳኒ ጌሙ ውስጥ ናት" አለኝ። ጌም ውስጥ ምን ትሠራለች ብዬ ልቆጣው ነበር። እመቤትሽ ከምሳ በኋላ ስትተኛ በእመቤትሽ ልጅ በትንሹ ጌታሽ ታብሌት ገብተሽ ሰሚርን በተጫዋች ስሙ ፈልገሽ ማግኘትሽን ያስረዳኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ልጁም ታብሌቱን በነፃ አልሰጥ ብሎ፣ ለሩብ ሰዓት በቀን ስድስት መቶ ወርቅ ቆርጦ ነበር። የጨዋታ ወርቅ መሆኑ ነው እንጂ የእውነቱን ከየት አባቴ አመጣዋለሁ? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ንግድ ከማን ተማረው ብዬ ያን ሰሞን በጣም ተናድጄበት ነበር። አሁን አልናደድም። በሩን የከፈተልን እሱው ነው።

ወርቁ የሚገኘው ዋሻው ውስጥ የሚተኛውን ያንን ቀንዳም ግዙፍ በመግደል ነው። ልጆቹ ቦስ ይሉታል፣ እኔ አለቃው እለዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምባይነር ስነዳ ስንቱን አለቃ ልመታው እያማረኝ ታግሼ ኖሬ ለስድሳ አራት ዓመቴ ቆየልኝ። አንዴ ሲገደል አርባ ወርቅ ይጥላል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። አሥራ አምስት ጊዜ ገድዬው ነው ያንቺ ሩብ ሰዓት የሚሞላው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ከወንበሩ አልነሳም።

መጀመሪያ ሰሞን እሱ ነበር የሚገድለኝ። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ፤ ሰሚር እየተቆጣቸው ራሱም ይስቃል። በኋላ እንዳየሁት ልጆቹ ይቸኩላሉ። እኔ የበቆጂን ገብስ ከዳር ወደ መሃል እየዞርኩ ያጨድኩ ሰው ነኝ፤ አንድን ነገር ደጋግሞ መዞር አይከብደኝም። ቺንጋ የሚባለው የሞተሩ ቀበቶ ሊበጠስ ሲል ድምፁ እንደሚለወጠው፣ አለቃውም ጅራቱን ሊወረውር ሲል ትንፋሹ ይለወጣል። ያኔ ከደጃፉ በስተግራ ካለችው ድንጋይ ኋላ ገብቼ እቆማለሁ። ጅራቱ እዚያ አይደርስም። ይህን ካገኘሁ ወዲያ የሳቀብኝ የለም። አዲስ ልጅ ሲመጣ እንዲያውም ሰሚር ከኋላዬ ያቆመውና ጋሼን እያየህ ተማር ይለዋል።

ቤት ስገባ እናትሽ አልጋዋ ላይ ሆና ያልሽውን ሁሉ ታስደግመኝ ነበር። ደህና ነኝ ብላ ነው ወይስ ደህና ነኝ አባዬ ብላ ነው ትለኛለች። እኔ ልዩነቱ አይገባኝም፣ እሷ ግን ከዚያች ከአንዲት ቃል ምሳ መብላት አለመብላትሽን ታውቅ ነበር። ካንቺ ነገር ስትጨርስ ስለ አለቃው ትጠይቀኛለች።

"ዛሬም ገደልከው?"

"አሥራ አምስት ጊዜ።"

"ነገስ ይነሳል?"

"ይነሳል።"

"ምስኪን" ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ አባትሽ ወገቤ ተቆርጦ ገብቼ የታዘነው ለቀንዳሙ ነው። እናትሽን ታውቂያት የለ።

ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ሳልመልስልሽ መቅረቴን ታስታውሻለሽ። ጨዋታው ውስጥ ያለው የእኔ ሰውዬ እንደወትሮው ድንጋዩ ጋ ቆሟል፣ ወርቁን ይሰጣል፣ ስትጽፊለት ግን ዝም ይላል። በአራተኛው ቀን ኪቦርዱ ተበላሽቶ ነበር አልኩሽ። አለቃው መስሎህ በቡጢ ሰብረኸው ነው ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔም እየሳቅሁ ነው ብዬ ጻፍኩልሽ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስትገቢ የመጀመሪያው ቃልሽ አንድ ነው፤ እማዬስ? ትያለሽ። ደህና ናት፣ ተኝታለች እልሻለሁ።

ልጄ፣ ደክሞኛል። አለቃው አይደለም ያደከመኝ። እሱን ሃያ ጊዜም ሠላሳ ጊዜም ግደለው ብትይኝ እገድለዋለሁ። ያችን አንዲት መስመር ግን በቀን አንዴ መጻፍ አቃተኝ። የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ እየፈለግሁ የምጽፍ ሰውዬ፣ ያችን መስመር ዛሬ ቁልፉን ሳላይ እጽፋታለሁ። ጣቴ ለምዷታል። መልመዱ አስፈራኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መስከረም አምስት ላይ ለሁለት ዓመት ልፈርም ነው፣ ለእማዬ መድኃኒት ስል እችለዋለሁ አልሽኝ። ይህን ሳነብ ትንፋሹን ማዳመጥ ረሳሁና አለቃው ገደለኝ። ከግንቦት ወዲህ ሲገድለኝ የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንድም የሳቀ የለም።

ዳኒዬ፣ አትፈርሚ። እመቤትሽ ወረቀቱን ስታመጣ አባቴ ጠርቶኛል በያት፤ ውሸት አይደለም፣ ይኸው ጠራሁሽ። ኮንትራትሽ ያኔ ያልቃል፣ በግድ ሊያቆዩሽ አይችሉም። ለመድኃኒቱ ብለሽ ከሆነ መድኃኒቱ ከእንግዲህ አያስፈልግም። የሐምሌው እሽግ ሳይከፈት ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከበታቻችን ላለችው ለቦጋለች ሰጠኋት፣ እሷም ያው ልቧን ነው የሚያማት። የሐምሌና የነሐሴ ደሞዝሽም አልተነካም። የመምጫ ትኬትሽ ነው።

እናትሽ ያለችኝንም ልንገርሽ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ሐምሌ በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ የጭላሎ ተራራ እንደ ክረምቱ ወጉ ጉም ለብሶ ሳለ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ አለችኝ። ከፈትኩላት። ብርዱ ይገባል ብላት ይግባ አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

"ገብሬ፣ ልጄ በዚያ በጨዋታው እንዳትሰማ" አለችኝ። "በሰው አገር፣ የሚደግፋት ሰው በሌለበት፣ ብቻዋን እንዳትሰማ። ደግሞ ለእኔ ብላ አንድ ቀን እንዳትጨምር።"

እሺ አልኳት። ለአጨዳ ወጥቼ ሦስት ወር አራት ወር ስቀር፣ ከአቦምሳ ቆላ እስከ ባሌ ስዞር፣ እናትሽ አበራሽ አንድም ቀን ቃል ግባልኝ ብላኝ አታውቅም። በሠላሳ ዓመት ያስገባችኝ ቃል ይህ ብቻ ነው። ሁለት ቃል ነው አንድ ላይ፤ አንዱን ስጠብቅ ሌላው ሊያመልጠኝ ሆነ። ዝም ብል ትፈርሚያለሽ፤ ብናገር ደግሞ በዚያች በጨዋታው ጠባብ የጽሑፍ ሳጥን፣ የልጁ ዓይን እያየሽ፣ እመቤትሽ ሳትነቃ ብለሽ አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ ነው የምትሰሚው። አርባ ቀን ሙሉ እንዴት ልንገርሽ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ የፋጡ ጉዞ ደረሰልኝ።

ፋጡ ገና ልጅ ናት፣ እንዳትቀየሚያት። የቀረውን እንዴት እንደምትነግርሽ አባቷ አስተምሯታል። ከዲሮ በእነዚያ ቀናት ከደጃችን አልተለየም። ዝናቡ ድንኳኑን ሰብሮ ሲገባ እሱ ነው ላስቲክ ያለበሰው፤ ቀን ቀን ከሰው ጋር ይቀመጣል፣ ሲነሳ ትከሻዬን ይዞ በኦሮምኛ "ጃባዹ" ይለኛል፤ በርታ ነው። ትናንትም ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀድሞን ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ትናንት ጨዋታው ውስጥ ሳልገባ የቀረሁት ለዚሁ ነው፤ ቤት ሰው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። የሰሚር ልጆች ያደረጉትን ልንገርሽ።

ለካ እኔ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ሰሚር ልጆቹን ሰብስቦ፣ ወርቁ ከተቋረጠ ያ ልጅ ታብሌቱን ይከለክላታል ብሏቸዋል። ስለዚህ ስድስቱ ልጆች ተራ ገብተው፣ በእኔ ስም፣ በእኔ ሰውዬ፣ አለቃውን እየተቀባበሉ ሲገድሉልኝ ዋሉ፤ ሦስቱንም ቀን፣ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ። ጎረቤቱ ንፍሮና ዳቦ ይዞ ሲመጣ እነሱ ይህን አመጡልኝ። በአራተኛው ቀን ጺሜን እንዳሳደግሁ ስገባ ሁሉም ከወንበራቸው ተነሱ። ሰሚር የሰዓቱን ሒሳብ አልቀበል አለኝ፣ እስከ ዛሬም አልተቀበለም።

ያኔ ነው አንቺ የጻፍሽውን ያሳየኝ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ገብተሽ አባዬ ብለሻል። ወርቁን ሰጡሽ። አባዬ፣ አለህ? ብለሻል። በሦስቱ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ አባዬ ብለሻል፣ ሰሚር ቆጥሮታል። ስድስቱም ስክሪኑን ከበው ቆመው ያነብቡሽ ነበር፤ እያነበቡ አንዳቸውም ጣታቸውን አላነሱም። ምን ብለው ይመልሱልሽ? አለሁ ቢሉሽ እማዬስ ልትያቸው ነው።

ኪቦርዱ ደህና ነበር፣ ልጄ።

በይ እንግዲህ፣ አሁን የያዙሽ እጆች አጥብቀው ይያዙሽ። አልቅሺ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ አልቅሺ፤ እመቤትሽም ብትነቃ ትንቃ። ከዓርብ በኋላ እስክትሳፈሪ ድረስ በየቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ድንጋዩ ጋ አለሁ። ወርቁ ሞልቶ ይጠብቅሻል። መጻፍ ካቃተሽ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ። ያችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ከእንግዲህ አትጠይቂኝ።

ያሳደገችሽ እመቤታችን በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ፤ በሰው ቤት የደከሙት እጆችሽ በራስሽ ቤት ይረፉ፤ እኔንም በሩን እስክከፍትልሽ ታቆየኝ። አሜን።

መስኮቱ ክፍት ነው። አልዘጋሁትም።

አባትሽ
ገብረ መድህን