ዘጠኝ አገር የዞረው የእማዬ መዝሙር

ለተከበሩ ወንድም ባሮክ
በቀራንዮ የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የሚዲያ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ስለ ጠፋ አንድ መዝሙር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተወደዱ ወንድሜ፣ ጤናና ሰላም እንዲበዛልዎ፣ ለማይክሮፎኑ የሚሆን ድምፅም እንዳይጎድልብዎ ከልቤ እመኛለሁ። ምእመኑ ሁሉ ስለ አገልግሎትዎ የሚለው ቃል አጥቷል፤ እኔ ግን ጥቂት ቃላት ስለተረፉኝ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ እናቴ አልማዜ ወደ ጌታ በሄደች በወሩ ቤት ድረስ መጥተው፣ በወጣትነቷ ብቻዋን የዘመረችበትን ካሴት በሳምንት እመልሳለሁ ብለው ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ሌላ ድምጿ እንደሌለን ነግሬዎት ነበር። ካሴቱን ቴፑ በላው። ይሁን፣ ቴፕ ነው፣ ይበላል፤ ደግነቱ አስቀድመው ቀድተው ኢንተርኔት ላይ ጭነውት ስለነበር ሊንኩን ላኩልኝ፣ ለዘላለም እዚያ ይኖራል ብለውም አጽናኑኝ። እኔም አመንኩዎት።

ሁለተኛ፣ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ማውረድ የሚፈቅድ ድረ ገጽ ስለመረጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ዋይፋይ እንጠቀማለን፤ ለድረ ገጹ ሁላችንም አንድ አድራሻ ነን፤ ተከራያችን ክብሮም ከዚያው ድረ ገጽ በየማለዳው ፊልሙን ሲያወርድ የግቢው ድርሻ ያልቃል። እኔን በቀናኝ ቀን ደግሞ ኔትወርኩ መሀል ላይ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውም እንደወረደ ይቆጠራል። በፍላሽ እንዲሰጡኝ ብለምንዎ ሊንኩን ልኬልሽ የለም ወይ ብለው አሰናበቱኝ። በመጨረሻ የአክስቴ ልጅ እሙ አድራሻ የሚደብቅ ብራውዘር ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ኧረ ጉድ! በከፈትኩት ቁጥር ድረ ገጹ አንዴ ከጀርመን፣ አንዴ ከሆላንድ፣ አንዴ ከሮማኒያ የመጣሁ እንግዳ አድርጎ ይቀበለኝ ጀመር። በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ከዘጠኝ አገር ሞከርኩ፤ ዘጠኙም መሀል ላይ ተቆረጡብኝ።

ሦስተኛ። ያለፈው እሑድ የድረ ገጹን ቆጠራ ይዘው መድረክ ላይ ወጥተው የአልማዜ መዝሙር በአንድ ሳምንት ዘጠኝ አገር እንደደረሰ ሲያበስሩ፣ ጉባኤው በእልልታ ቤቱን አናወጠው። ሮማኒያን ሲጠሩ ነገሩ ገባኝ። ያኔ ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ፤ ግን የእማዬ ስም በመድረክ ሲጠራ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። የእርስዎ ግን ቀጥሎ መጣ። ዓለም እየሰማን ስለሆነ ሳል ያለበት አሮጌ ድምፅ አይመጥነንም ብለው፣ መዝሙሩን በዘማሪያችን በዮዲ ድምፅ እንደ አዲስ አስቀርጸው፣ አሮጌውን ከድረ ገጹም ከኮምፒውተርዎም እንዳጠፉት በኩራት ነገሩን። ዮዲ ትባረክ፣ ስትዘምር ታምራለች። እናቴ ግን አይደለችም።

ያቺ ሳል የእማዬ ሳል ነበረች! ያላዩት ሮማኒያዊ ምን ይለኛል ብለው ሲጨነቁ፣ ካሴቱን በእጄ የሰጠሁዎትን እኔን አንዲት ቃል መጠየቅ ከበደዎት። እንደ ወንድሜ አምኜዎት ከዱኝ፤ ለዚህ የሚሆን ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ስልኬ ላይ የቀረኝ ከሙከራው የተረፈ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ እማዬ ትንፋሽ ስትስብ ይቆማል። እባክዎ፣ በአንድ ፍላሽ ወይም በአንድ ሰው ስልክ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ያፈላልጉልኝ።

ከቀራንዮ ሳልወጣ ዘጠኝ አገር ያዞሩኝ፣
ከአክብሮት ጋር፣ ብቸኛዋ የውጭ አገር አድማጭዎ
ውዳሴ መሸሻ

ግልባጭ፦
ለመዘምራን የቴሌግራም ግሩፕ
ለቤተ ክርስቲያኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ

የረሳሁት፦ በዚያው እሑድ፣ ያ ሮማኒያዊ የሚፈልገውን እንዲያገኝ ጉባኤውን በሙሉ አስቁመው አስጸልየውለት ነበር። ከባለቤትዎ አጠገብ ቆሜ አሜን ያልኩት እኔው ነበርኩ። እስካሁን አላገኘም።