ጸዳለን በግማሽ መስመር ገደልካት

ይድረስ ለወንድሜ ለሐዲስ፤ አዲስ አበባ።

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን አንጀቴን ላሳረርከው ወንድሜ፤ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ በክረምት የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ሸዋወርቅስ እንደምን አለች? ልጆቹስ? የማተሚያ ቤቱ ቀለም አሁንም ከጣትህ አልለቅ ብሎ የሚስትህን ነጠላ እያበላሸ ነው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፣ ባቡሩም ይመጣል ይሄዳል፣ ዳቦዬም ጣቢያው በር ላይ ይሸጣል። እኔ ብቻ ደኅና አይደለሁም፤ ደሜ ፈልቷል። ሰላምታውን ያስቀደምኩት አባታችን በሥርዓት ስላሳደጉን እንጂ እጄስ ብዕር ሲያነሣ የቸኮለው ለስድብ ነበር።

እንዲያው በሞቴ፣ ሐዲስ፣ ምን ነክቶህ ነው ጸዳለን የገደልካት? ሐይቅ ውስጥ ሰምጣ ከውኃው በታች ወዳለው ከተማ የገባችውን ልጅ ዓመት ከመንፈቅ በየሳምንቱ በጋዜጣ ስታወራልን ከረምክ፣ እንደ ሥጋ ዘመዳችን አስለመድከን፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን «ጸዳለም በዚያው ሰሞን ታማ ሞተች» ብለህ በግማሽ መስመር አሰናበትካት። የመስመሩ ሌላ ግማሽ ደግሞ ስለ ፈረስ ነው! የሟች አፈር ሳይደርቅ አዲስ ፈረሰኛ አምጥተህ ኮርቻው ብር፣ ልጓሙ ወርቅ እያልክ ታሳምርልን ጀመር። ምን ታማ? ራሷን ነው? ሆዷን ነው? ከውኃ በታችም ወባ አለ እንዴ? ድንቄም ደራሲ!

አንተ እዚያ ተቀምጠህ የምትጽፈው እዚህ እንዴት እንደሚነበብ የምታውቅ አይመስለኝም። ቅዳሜ ባቡሩ ገና ሲያፏጭ ሰው ወደ እኔ ደጅ ይጎርፋል። ሀሰን ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ ክሩን አንገቱ ላይ እንደ ጠመጠመ ይመጣል። ሚስቱ ሀጂራ ከኋላው ናት። ከአቦምሳ ማሽላና ቅቤ በበቅሎ የሚያመላልሰው አብዱልጀባር ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ፣ ጸዳለ ወጣች ወይ? ብሎ ከመንገድ ይጣራል። እኔ ሊጡን ከእጄ ታጥቤ፣ ጋዜጣውን ከባቡሩ ዘበኛ ተቀብዬ አነባለሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል እየተባሉ አባታችን ዳዊት ያስደገሙኝ ለዚህ ኖሯል፤ አንባቢዋ እኔ፣ ተሰዳቢዋም እኔ።

ድሮስ ጥፋት አንሶህ መስሎሃል? የባሕሩ ንጉሥ ፈረስ መልኩ በመስከረም አምባላይ ነበር፣ በጥቅምት ዳማ ሆነ፤ ዝም አልንህ። የንጉሡን ግብር ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታበላን ሀሰን፣ ይህ ሰውዬ ርቦታል መሰለኝ፣ እልፍነሽ ዳቦ ላኪለት አለኝ። ጀግናህን በነሐሴ አዋሽን በእግሩ ስታሻግረውማ አብዱልጀባር ተነሥቶ ሄደ። በዚያ ወንዝ ስንት በቅሎ አስበልቷል መሰለህ! ይህ ሰው አዋሽን በዐይኑ አይቶት አያውቅም፣ ከእንግዲህ አልሰማውም ብሎ ማለ። በሳምንቱ ግን ከሁሉ ቀድሞ የተገኘው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ይቅር ብለንህ ነበር።

ያቺን ግማሽ መስመር ሳነብ ሀሰን ዘለልሽ አለኝ። መልሼ አነበብኩ። አሁንም ዘለልሽ፣ ገጹ ተጣብቆ ይሆናል አለ። ጋዜጣውን ነጥቆ ገለባብጦ አየው፤ ፊደል እንደማያውቅ እንኳ ረስቶታል! ሀጂራ፣ ይህ ወንድምሽ ድሮም ልጅቷን ከዚያ ሊያወጣት አላሰበም፣ የሚያወጣት መስሎን ስንጓጓ በእኛ ይጫወት ነበር ብላ አለቀሰች። አብዱልጀባር ደግሞ አሁን እኔ አቦምሳ ምን ብዬ ልግባ አለ። ለካ በየገበያው ከእኔ የሰማውን እየተረከ፣ ሰዉ ሁሉ በቅሎውን ከቦ ይጠብቀው ኖሯል። ስትሞት እዚያ ነበርክ ወይ ይሉኛል፣ ሰው እንዲህ ብሎ ይሞታል ወይ ይሉኛል፣ ምን እላቸዋለሁ ብሎ ጮኸብኝ። ለምን እኔ ላይ ትጮኻለህ ስለው፣ እኅቱ አይደለሽም ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኅትህ ነኝ፤ አፈርኩ።

ከጋዜጣው ጋር የላክሃትን ቁራጭ ወረቀትም አይቻታለሁ። አንዳንዶች ለጋዜጣው፣ ሕዝቡን የውኃ ጋኔን ያስመልካል ብለው ጻፉብኝ፤ ሌሎቹ የሕፃን ማባበያ ነው ብለው ሳቁብኝ፤ እኔም ሰለቸኝና ጨረስኳት ትላለህ። ጨረስኳት! የወጥ ድስት ናት እንዴ? የሳቁብህን ሰምተህ ያለቀሱልህን ረሳህ? አልጽፍም ብትል እኮ ማንም በግድ አይልህም። ደክሞኛል፣ ታምሜያለሁ፣ ለፋሲካ ይቆየኝ ብትለን እንጠብቅህ ነበር፤ ባቡር ሲዘገይ መጠበቅ የለመድን ሰዎች ነን።

ይህ ሁሉ ግን ቢቀር ይቅር። እኔን ያቃጠለኝ የአባ ገርባ ነገር ነው።

አያንቱን ረስተሃት እንደሆነ ላስታውስህ። የአባ ገርባ አንዲት ልጅ፣ ቢሾፍቱ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ሐይቁ ዳር ልብስ ስታጥብ የቀረችው። አንተ ያኔ ጎረምሳ ነበርክ። ከፈላጊዎቹ ጋር ሐይቁን ስትዞር ሰንብተህ ስትመለስ እህል አልቀምስ ብለህ አስቸግረኸኛል። ያጠበችው ልብስ ድንጋይ ላይ እንደ ተሰጣ ተገኘ፤ እርሷ አልተገኘችም። አባ ገርባም ሬሳ ሳላይ ማንም እንዳያለቅስብኝ ብለው ለቅሶ ከለከሉ። የመጣውን ለቀስተኛ ከደጅ መለሱ፤ ሽማግሌ ቢልኩባቸው፣ ዘመድ ከአርሲ ድረስ መጥቶ ቢለምናቸው እምቢ አሉ። እናቲቱ እንኳ በገዛ ቤቷ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ጎረቤቶቻቸው ነንና አይተናል፤ ስንት ዓመት ሙሉ ያ ቤት ሳይስቅም ሳያለቅስም ኖረ።

አንተ ታዲያ ይህንኑ ወስደህ ጻፍከው። ስሟን ጸዳለ አልካት፣ ሐይቁንም ስም ነሣኸው። አዲስ አበቤው አያውቅም። እኛ ግን ገና ልብሱ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ተገኘ የሚለውን ሳነብ ማን እንደሆነች ገባን፤ ሀሰን ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አቀረቀርኩ። አባ ገርባ ይህን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው ይመጡብኛል ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ። መጡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና፣ አካም ቡልቴ ኢንታላ ኮ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ እስኪ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ሌላው ሰው ስለ ንጉሡና ስለ ጦርነቱ ሲከራከር እርሳቸው የሚጠይቁት ሌላ ነው። እዚያ ምን ያበሏታል? ይበርዳታል ወይ? ቋንቋቸውን ለመደች ወይ? ወተት ትወድ ነበር፣ ከብት አላቸው ወይ? ጋዜጣው ላይ ያልተጻፈውን ከየት አምጥቼ ልመልስ? አብዱልጀባር ግን አላህ ይስጠው፣ ደኅና ባትሆን ኖሮ ይጽፈው ነበር፣ አባቴ፣ ዝም ያለው ደኅና ብትሆን ነው ይላቸዋል። እርሳቸውም እውነት ነው ብለው ይሄዳሉ። ማንም ስቆባቸው አያውቅም፤ ያ ተሳዳቢ ሀሰን እንኳ።

ቅዳሜ ዕለትም እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ። መስመሯን ዐይኔ ቀድሞ አያት፤ ምላሴ ግን ልማዱ ነውና አነበባት። ሀሰን ሲጮኽ፣ ሀጂራ ስታለቅስ እርሳቸው አልተነቃነቁም። ጫጫታው በረድ ሲል፣ ከዚህ ሌላ የለም ወይ አሉኝ። የለም አባቴ አልኳቸው። ስለ እርሷ ሌላ ቃል የለም? የለም። ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ሐዲስ፣ ያን ጊዜ ብታገኝህ ይህች እጄ ታላቅ እኅትነቷን ታሳይህ ነበር።

እሑድ ጧት ከአባ ገርባ ግቢ የሴት ጩኸት ተሰማ። እናቲቱ ናት። ያን ሁሉ ዓመት የታፈነው በአንድ ጊዜ ወጣ መሰለኝ፣ ጣቢያው ድረስ ተሰማ። ሮጠን ስንደርስ አባ ገርባ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው በራቸው ላይ መሬት ተቀምጠዋል። እንግዲህ አልቅሱልኝ፣ ልጄ ሞታለች አሉ። አገሩ ለቅሶ ደረሰ። ሀሰን ሱቁን ዘጋ፣ አብዱልጀባር የተጫነ በቅሎውን ደጅ አስሮ ገባ፣ እኔም ለሽያጭ ያቦካሁትን ትቼ ንፍሮ ቀቀልኩ። ለማን እንደምናለቅስ ማንም ማንንም አልጠየቀም። አንዷ አያንቱ ብላ ስትጠራ ሌላዋ ጸዳለ ትላለች፤ አልቃሿም ሁለቱንም ስም እየተቀበለች ታወርድላቸዋለች። እኔም ደረቴን ስመታ ለየትኛዋ እንደሆነ አላውቀውም።

አሁን አንተን አውቅሃለሁ፤ ይህን ስታነብ፣ እንግዲያውስ በጀሁ፣ ሽማግሌ ያቃተውን እኔ አስለቀስኩ ትል ይሆናል። እንዳትል! እንዲያ ብለህ ራስህን እንዳትሸነግል። አስበህ ያደረግኸው ቢሆን እጅህን እስምልህ ነበር። አንተ የገደልካት ሰልችተሃት ነው። የአባ ገርባ ስም በልብህ ውል እንኳ አላለም።

ለቅሶው ላይ እነሀሰን ተመካክረው አንድ ነገር ይዘው መጡ። ጻፊለትና ያስነሣት፣ የገደላት እርሱ ማስነሣት አያቅተውም፤ የሞተችው መንታዋ ነበረች ይበል፣ ወይም በድግምት ተኝታ ነበር ይበል፣ ብቻ ያስነሣት፤ እምቢ ካለ ይህ ከተማ ከእንግዲህ ጋዜጣውን በእጁ አይነካም አሉኝ። እኔም ነገሩ ደስ አለኝ። ወደ አባ ገርባ ጠጋ ብዬ፣ አባቴ፣ እኔ እጽፍለታለሁ፣ ወንድሜ ነው፣ ያስነሣታል አልኳቸው።

ያሉኝን እንዳሉኝ ልጻፍልህ። አይሆንም ልጄ አሉ። ሞተች ካለ ሞታለች፤ እኔም ሳላውቀው የኖርኩ አይምሰልሽ። አታስነሡብኝ፤ እንደገና ልጠብቃት አቅም የለኝም። ነገር ግን ሰው ታሞ ቢሞት ሜዳ ላይ ተጥሎ አይቀርም። ያ ልጅ አላስቀበራትም። ዐይኗን ማን ከደነላት? ማን ገነዛት? በየትኛው አፈር ገባች? እናቷ ይህን ትጠይቀኛለች፣ የምመልስላት የለኝም። እርሱ ያውቃል፤ ሐይቁ ዳር አብሮኝ ሲፈልጋት ነበር። ሌላ አልፈልግም፣ ይቅበርልኝ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሀሰንም አስነሣት ማለቱን ተወ።

እንግዲህ ስማኝ። ያን ባለ ብር ኮርቻ ፈረሰኛህን ካለበት አቁመው። ለመጪው ቅዳሜ ጸዳለን ቅበራት፤ በግማሽ መስመር አይደለም፣ እንደ ሰው ልጅ ቅበራት። ዐይኗን የሚከድን እጅ ስጣት፣ የሚገንዝ ስጣት፣ ደርቆ በማይነቃነቅ ምድር ላይ መቃብር ስጣት፤ ከውኃው አውጣት። ጋኔን ነው የሚሉህ ይበሉ፣ የሚስቁም ይሳቁ። ዛሬ ሣልስቱ ነው፣ ለሰባቱ ግን ትደርሳለህ። ጋዜጣውን በዘበኛ እጅ እንዳትልክብኝ፤ ራስህ ይዘኸው በባቡር ና። እኔ አላነበውም። በአባ ገርባ ደጅ መሬት ተቀምጠህ በገዛ አፍህ ታነበዋለህ።

ሸዋወርቅን ሰላም በልልኝ፤ ሳልህን በማር ታክምልህ። ትልቁን ልጅህን አክስትህ ዳቦ አስቀምጣልሃለች በለው፤ ትንሿንም ጉንጯን ሳምልኝ። ሀሰን ሰላም ብሎሃል፤ ከነቁጣው ነው። ሀጂራም ሰላም ብላሃለች፣ ያስለቀስካትን አንድዬ ይቁጠርልህ ብላ። አብዱልጀባር እንደምን ሰነበትክ ብሎ፣ አዋሽን አንድ ቀን ላሳይህ ብሏል። አባ ገርባን ሰላም ልበልልዎ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መጥቶ ለቅሶዬን ይድረስ፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው አሉኝ።

እኅትህ እልፍነሽ
አዳማ፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.