በዕርቁ ማዕድ ላይ የተቆረጠው ፒዛ

እስቴ፣ ግንቦት 28 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይበልጣል፣ አዲስ አበባ፤

ጥፋተኛው ዳኛቸው ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በራስህ ስትፈርድ እንዳትከርም ነው። እንደምን ሰነበትህ ልጄ? በሰላም መግባትህን እንኳ የሰማሁት ከአውቶብሱ ሹፌር ነው። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ያለህበትን ሰፈር ሌላ ሰው እንዳያነብብኝ ብዬ ነበር። አንተ ዝም ካልክ ምን ይረባኛል?

ያን ቀን በሐሳቤ እመላለስበታለሁ። ሣር ሲያጭዱ በድንበር ተጣልተው፣ ወንድምህ አምሳሉ የዳኛቸውን ወንድም በማጭድ ገደለ። እርሱ ታሰረ፤ ደሙ የሚፈለገው ግን ካንተ ሆነ። አገር ለቀህ አዲስ አበባ ፒዛ ቤት ተቀጠርህ። መምሬ ወልደ ገብርኤል መስቀል ይዘው በየደጁ ለምነው፣ «ሁለቱ ወገን አንድ ማዕድ ከበሉ ደሙ ይደርቃል» ተብሎ መጣህ። በዓለ ኀምሳ ነውና አይቡንም ፈቀዱልህ። ከከተማው ዳቦ ቤት ፒዛ ጋግረህ፣ ሙሉውን በትሪ አምጥተህ ከመካከል አኖርከው።

የሟቹ እናት ብርነሽ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ቲማቲም ነው እማማ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ከባሕር ማዶ ሲመጣላቸው መርዝ ነው ብለው ፈርተውት ነበር።»

«ዛሬስ መርዝ አለመሆኑን በምን ልወቅ?»

አንተ ሳቅህ።

«ናፖሊ በሚባል ከተማ ድሆች መንገድ ላይ አጥፈው የሚበሉት ነበር። ኋላ ንግሥታቸው ቀምሳ ወደደችው ይባላል። ሥራ ፍለጋ የተሰደዱት ይዘውት ዞሩ፤ ዛሬ የማይበላበት አገር የለም» አልካት።

«ድሃውም ንግሥቲቱም ያንኑ?»

«ያንኑ።»

«ወይ ጉድ! የማትጸየፍ ንግሥት ናት» አለችና ፈገግ አለች። ከልጇ ሞት ወዲህ ጥርሷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ያቺን እንደ ጎማ የምትሽከረከር የፒዛ መቁረጫ ቢላ ከኪስህ ያወጣኸው ይሄኔ ነው። የዕርቅ ቤት ስለት አይገባበትም። የዳኛቸው ወገኖችም ጠመንጃቸውን ከደጅ ትተው ነው የገቡት፤ ምግቡም የሚቆረሰው በሽማግሌ እጅ ነው። አንተ ግን ውለህ የምታድርባት የሥራ ዕቃህ ናትና ስለት መሆኗም ትዝ አላለህም። ፒዛውን ከዳር እስከ ዳር ስትሰነጥቀው ዳኛቸው ብድግ አለ።

«በወንድሜ ዕርቅ ላይ ስለት!»

«ለዚሁ መቁረጫ ነው ጋሼ።»

«ወንድምህም ማጭዱን ለሣር ነው የያዝኩት ብሏል!»

ወገኖቹ ተግተልትለው ወጥተው ጠመንጃቸውን አነሡ። አንተን በጓሮ አሾለክንህ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየህም። ብርነሽ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ከቆረጥከው አንዱን አነሣች፤ እንደነገርካት እንደ ድሆቹ አጠፈችውና ጎረሰች። እኔን እያየች ታላምጣለች።

ዳኛቸው ከበሩ ሆኖ «እማዬ፣ ትፊው!» ብሎ ጮኸ።

«የዋጥኩትን አልተፋም። የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ደሙም የእኔ ነው» አለችው።

መምሬ «እናት ከበላች ግማሹ ታርቋል» አሉ። ሌላው ግማሽ ዳኛቸው እስኪበላ ነው። ለግማሽ ዕርቅ እግዜር ይስጥልኝ አልልም። በግማሽ ዕርቅ ልጅ ይቀበራል።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ዳኛቸውን አገኘሁት። ሲያየኝ መንገድ የሚለውጠው ሰውዬ ቆመ።

«ልጅዎ ያን ነገር ደግሞ ይጋግራል?»

«ምን አገባህ?»

«በእጅ የሚቆረስ ከሆነ ብዬ ነው» ብሎኝ ሄደ። ፊቱ አልተፈታም። ወጥመድ ይሁን ልቡ ተመልሶ ይሁን አላወቅሁም። ጠመንጃው ግን ትከሻው ላይ አልነበረም። ደጋግሜ አይቻለሁ።

ትሪው እኔ ዘንድ ነው፤ አጥቤ ሰቅየዋለሁ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣ ገብርኤል አንተንም ከምድጃህ ፊት ይጠብቅህ፤ እጅህን እሳት አይንካው።

እስከ ዛሬ በጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ «አትምጣ» የሚል ነበረበት። ና አልልህም፤ ነፍሲቱ ያንተ ናት። አትምጣ ብዬ ግን ከእንግዲህ አልጽፍም።

እናትህ ባንቺዓለም