ግራጫዋ ማንበቢያ

አሰላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባ አነበቡ። ኤቢሳ፣ አባባ ትናንት ጠዋት አንድ ሙሉ ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ፊደል የሚለዩ አይመስለኝም ያለን አባባ። ሰላምታውን ሳልጽፍ ወሬው አመለጠኝ፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ። እንዴት ነህ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሆቴሉስ? እኛ ደህና ነን፤ ማለቴ አሁን ደህና ሆነናል።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለማታስጨርሰኝ ነው። «ማነው? የማን ልጅ ነው?» እያልክ ትጮህና ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ቢቆጡትም አይዘጋም። እንግዲህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ስልክና ኮምፒውተር ከሚሸጠው ከኢርሻድ ሱቅ ነው። አባባና ጓደኛቸው ጋሽ ገብረ ማርያም እንደምታውቀው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሁሩታ፣ ሲሬ፣ ኦጎልቾ እያሉ ደም የተቃባ ሰው ሲያስታርቁ መንገድ ላይ ነው የሚውሉት። አባባ ደግሞ ያለ መጽሐፍ አይንቀሳቀሱም። ሻንጣቸው ውስጥ ልብስ የለም፤ የሚኒባሱ ረዳት ባነሳው ቁጥር «አባት፣ የወፍጮ ድንጋይ ነው የጫኑት?» ይላቸው ነበር። ስለዚህ ሁለቱም መጽሐፍ የሚጫንበት ነገር ሊገዙ ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ።

ኢርሻድ ሁለት ዓይነት አወጣ። አንዷ ግራጫ ናት፤ ቀለም የላትም፣ ከማንበብ ሌላ ምንም አታውቅም። ሌላው ታብሌት ነው፤ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

«ለመንገደኛ ግራጫዋ ትሻላለች» አለ ኢርሻድ። «ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት ትነበባለች። ባትሪዋ ሳምንታት ይቆያል። ፊደሉንም እንደ ዓይንዎ ያተልቁታል።»

ጋሽ ገብረ ማርያም በእጃቸው መዘኗት። «ይህቺስ የኔ ቢጤ ናት። ሸብታለች፣ አትጮህም፣ ትንሽ ትበላለች።»

«ትንሽ ትበላለች ያልከውን ሚስትህ ብትሰማ» አሉ አባባ። እሳቸውም ግራጫዋን አነሱ።

«አባባ፣ ይቺማ የለቅሶ ቤት ፎቶ ትመስላለች፤ ታብሌቱን ይያዙ፣ ኤቢሳንም በምስል ያዩበታል» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ስምህን ሲሰሙ ግራጫዋን መልሰው አስቀመጡ። ኢርሻድ ወደ እኔ ዞሮ «ለማንበብ ነው ለመነጋገር?» ቢለኝ «አንተ ዕቃህን ሽጥ» አልኩት። ይኸው ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

ከመስቀል በኋላ ኦጎልቾ ሽምግልና ውለው በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቁ አባባ ታብሌቱን ከፍተው ያነባሉ። ከሩቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራ ነበር ይላሉ ጋሽ ገብረ ማርያም። ሁለት ሰዎች በሞተር መጡ። ከኋላ የተቀመጠው እጁን ሰደደ። አባባ ቢለቁት እዚያው ባበቃ፤ ግን አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው መጽሐፍ ሲነጠቅ ይለቃል? አልለቀቁም። ሞተሩ ኮረቱ ላይ ጎተታቸው፤ የጉልበታቸው ሥጋ ተገሽልጦ አጥንቱ ታየ። ያኔ የኋለኛው ወረደና በዱላ ክንዳቸውን ሰበረው። ከዚያ በራሱ በታብሌቱ ጭንቅላታቸውን ደጋገመው። መስታወቱ ግንባራቸው ላይ ተሰባበረ፤ ሐኪሙ አሥራ አንድ ስባሪ በወረንጦ ለቀመ። ጥርስ ሦስት ሄደ። ሊያስጥሉ የገቡት ጋሽ ገብረ ማርያም መንጋጋቸው ወለቀ። ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ግራጫ ግን ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ሰዎቹ የተሰባበረ ነገር ይዘው ሸሹ።

እስከዚህ ታውቃለህ። የማታውቀው ይሄ ነው።

በአራተኛው ቀን የመቺው ቤተሰብ ሆስፒታሉ ግቢ መጣ። ባርኮት ይባላል፤ ከተደበቀበት አውጥታ ያመጣችው እናቱ ወይዘሮ አፀደ ናት። ሽማግሌዎች ከፊት፣ እሱ ከመሃል፣ ሁሉም እርጥብ ሣር ጨብጠዋል። ሣር የጨበጠ ሰው፣ አባትህን ቢገድልም፣ እጅ አይነሳበትም። አባባ ሃያ ዓመት ለሰው ሲናገሩ የኖሩት ይህንኑ ነው። እኔ የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ስገባ ፊት ለፊት ገጠምኩት።

«በድያለሁ» አለኝ።

በፔርሙዙ ፊቱን መታሁት። ክዳኑ ተፈናጥሮ የፈላው አጥሚት ዓይኑ ላይ ፈሰሰ። ወደቀ። ደገምኩት። ለመከላከል እንኳ እጁን አላነሳም፤ ሣሩን አጥብቆ እንደያዘ ነበር። አልዋሽህም ኤቢሳ፣ በሁለተኛው ደስ ብሎኛል። በሦስተኛው ጣቶቹ ተፈቱ። እናቱ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ የተበተነውን ሣር ለቀመችና መልሳ አስጨበጠችው።

ግራ ዓይኑ ጠፍቷል። በማግስቱ ወንድሞቹ መጥተው የሱቄን በር በመጥረቢያ ፈለጡት። የእኛዎቹ ደግሞ አጎታቸውን ሁሩታ ገበያ ላይ አግኝተው የጎን አጥንቱን ሰበሩት። አንተም ሲሬ ላለው ጓደኛህ «ሽጉጥ ፈልግልኝ» ማለትህ ደርሶኛል። ጓደኛህ ሚስት አለው፤ ሚስቱም አፍ አላት።

አባባ ይህን ሁሉ አልጋ ላይ ሆነው ሰሙ። ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ጭንቅላታቸው ተጎድቶ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መጽሐፍ ስሰጣቸው በአንድ እጃቸው መያዝ ያቅታቸውና ደረታቸው ላይ ይወድቃል፤ ፊደሉም ይዋኝባቸዋል።

ትናንት ጋሽ ገብረ ማርያም ግራጫዋን ይዘው መጡ። ፊደሉን አተለቁት፣ አተለቁት፣ ገጹ ላይ አምስት መስመር ብቻ እስኪቀር።

«በል አስተማሪ» አሉ። «ይህ ካቃተህ አንደኛ ክፍል አስመዘግብሃለሁ።»

አባባ በደህናው እጃቸው ተቀበሏት። እየተደናቀፉ፣ እየተመለሱ፣ አነበቡ። አምስት መስመርም ቢሆን ገጽ ገጽ ነው። ሲጨርሱ በአውራ ጣታቸው ገለበጡት። እኔ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

«አንቺ» አሉኝ። በአምስት ሳምንት የመጀመሪያው ነው። «ሣር አጭደሽ አምጪ።»

«ለምን አባባ?»

«የጨበጠ ሰው መትተሻል። አሁን የምትጨብጪው አንቺ ነሽ።»

ዛሬ ከጋሽ ገብረ ማርያም ጋር ኦጎልቾ ባርኮት ቤት ሄጄ ተመለስኩ። ወንድሞቹ ደጅ ላይ ዱላ ይዘው ቆመዋል። ሣሩን ከፍ አደረግሁ። አንደኛው ዱላውን ከራሴ በላይ አነሳ፤ እንደማይመታኝ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እኔ ራሴ መትቼ የለ። ባርኮት ከውስጥ ወጣና «ዲሲ» አለው በኦሮምኛ፤ «ተዋት።» በአንዱ ዓይኑ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ወይዘሮ አፀደ ሣሩን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ወንድምሽስ?» አለች።

«ይመጣል።»

«ምን ይዞ?»

«ባዶ እጁን» አልኩ። ሳልጠይቅህ ማልኩልህ ኤቢሳ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከባርኮት ጋር ከአንድ ትሪ እንድትበላ። አንተ ካልተቀመጥክ እርቁ አይታሰርም፤ የሚቀጥለው ሬሳ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ እኔ አላውቅም።

አባባ ለራሳቸው ግራጫ አዘዋል። ድነው ሲነሱ ወደ መንገዳቸው ሊመለሱ ነው። ኢርሻድ ሱቅ ግን አልከተላቸውም።

ጌታ በሄድክበት ይቅደምልህ፤ ድንበሩን በሰላም ያሻግርህ፤ እጅህን ከብረት ያርቅልህ። በጣም ነው የናፈቅከኝ።

እህትህ ዋጋዬ ነጋሳ

የእርቁን ቀን፣ ጋሽ ገብረ ማርያምም ሥጋ እንዲበሉ፣ ጾም ሳይገባ ቆርጠነዋል። የሁሩታዎቹ ይመጣሉ፣ የሲሬዎቹም፣ እነ ወይዘሮ አፀደም በሙሉ፤ ማንም እንዳይቀር ተብሏል፦ ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን።