እጅ በኪስ

የካቲት 4
ወርክሾፕ ዋልኩ። የሦስተኛ ዓመቶቹ ንድፋቸውን ጨርሰው ብረት መቁረጥ ጀመሩ። ጩኸት፣ አቧራ... ደስ ይላል። እንደ ልማዴ ሁለት እጄን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ስዞር ነበር። የዚህ ኮርስ ሕጌ ነው፤ እጠይቃለሁ እንጂ አልነካም። ባለቤቴ "ቤትም ያው ሕግ ነው፤ ሳህን ነክተህ አታውቅም" ትለኛለች።

የካቲት 10
ዝምተኛዋ ተማሪዬ የምትሠራው የበሽተኛ ማንሻ ነው። አባቷ አልጋ ከያዙ ቆዩ። እናቷ እሳቸውን ሲያነሱ ሲያወርዱ ወገባቸው አለቀ። ምሰሶ፣ ከላዩ ክንድ፣ ከክንዱ የሚንጠለጠል የሸራ መቀመጫ። ጥሩ ሐሳብ። ግን ክንዱ ከምሰሶው የሚገናኝበት ጋ ደጋፊ የለውም! ክብደት ሲያርፍበት መታጠፉ አይቀርም።
"ክብደቱ በየት በኩል ነው የሚወርደው?" አልኳት።
"በምሰሶው ነዋ፣ መምህር።"
"እዚያ እስኪደርስስ?"
ወደ ብየዳዋ ተመለሰች። ሆድ ይፍጀው ብዬ አለፍኩ።

የካቲት 13
ዲኑ ጠራኝ። ነገ ራሱ መጥቶ ሥራዎቹን ሊያይ ነው። "ከሥራዎቹ አንዱ ዓይኔ እያየ ቢወድቅ፣ ከእንግዲህ በጥቁር ሰሌዳ ነው የምታስተምረው" አለ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ግን ሳቁን አውቀዋለሁ።

የካቲት 14
ምን ነካኝ? ተማሪዎቹ ሳይመጡ ገባሁ። እጄ ከኪሴ ወጣ። የማንሻዋ ክንድ ሥር ባለሦስት ማዕዘን ላሜራ በየድኩበት።
ዲኑ መጣ። አሸዋ የሞላው ጆንያ ተንጠለጠለ... ክንዱ ንቅንቅ አላለም። ሁሉም አጨበጨበ። ዝምተኛዋ ብቻ ጎንበስ ብላ መጋጠሚያውን ታያለች።
ሰው ሲወጣ ጠብቃ መጣች።
"መምህር፣ ይሄ ብየዳ የኔ አይደለም። የኔ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። የእርስዎ ነው፣ አይደል?"
ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።
"አባቴን እኮ ነው የማንጠለጥልበት። ምን እንደያዘው ሳላውቅ?"

የካቲት 17
ላሜራዬን በግራይንደር ቆርጣ ጣለችው። "ዲኑም ይይ" አለች... ዝምተኛ የተባለችው! ሄጄ ጠራሁት። ጆንያው ሲንጠለጠል ክንዱ ቀስ እያለ ጎበጠ፣ ጎበጠ... ድው! አሸዋው ወለሉን ሞላው።
"አርብ ችሎ አልነበረም እንዴ?" አለኝ ዲኑ።
"አርብ ደጋፊ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም ነበር።"
አየኝና ወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። እሷ ግን የጎበጠው ላይ በጠመኔ እያሰመረች "ለካ እዚህ ጋ ነው!" ትላለች። ፊቷ በርቷል።

የካቲት 20
ተወሰነ። ከሚመጣው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ጥቁር ሰሌዳ። ተናድጃለሁ... በማን? በራሴ። ባለቤቴ "እንግዲህ ጠመኔ ለመያዝም ቢሆን እጅህ ይወጣል" አለች። አልሳቅኩም።

መጋቢት 8
ዝምተኛዋ ተማሪዬ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ማንሻው አልጋው አጠገብ ቆሟል። ደጋፊው የኔን አይመስልም፤ ከምሰሶው ወገብ ተነስቶ ክንዱ አጋማሽ የሚደርስ ረጅም ብረት ነው። ከኔው ይሻላል። የብየዳው መስመር ይንቀጠቀጣል።
አባቷ ከአልጋቸው ሆነው "መጀመሪያ መምህሩ ይሞክሩት፤ እኔ ነፍሴን እወዳታለሁ" አሉ።
ሸራው ላይ ተቀመጥኩ። እናቷ በአንድ እጃቸው የሚያነሳውን እጀታ አዞሩ። እግሬ ወለሉን ለቀቀ። ቆሌዬ ተገፈፈ... ክንዱን ልይዝ እጄን ሰነዘርኩ።
"መምህር" አለች ልጅቷ። "እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።"
ከተትኩ።