ስለዚያች የወንዝ ዳር ከተማሽ

ልጄ ዮሐና፣ በመውጣትሽም በመግባትሽም ጌታ ይጠብቅሽ። እኛ ስሙ ይመስገን ደኅና ነን። ወንድምሽ ጆናታን እዚሁ ስቶክሆልም ዳር፣ ሶለንቱና ቤት አግኝቶ ገባ፤ አሁንም በአማርኛ ስጠይቀው በስዊድንኛ ነው የሚመልስልኝ።

ካናዳ ስላለችው ከተማሽ ስለ ፍሬድሪክተን የተሠራውን፣ አንቺም የተናገርሽበትን ፊልም አየሁት። ትንሽ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆምባታል፤ ወንዙ ሲሞላ ጎረቤት ሁሉ አሸዋ በከረጢት ተሸክሞ ይወጣል። መልካም ነው። ግን «ስቶክሆልም ሳድግ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም» ያልሽው ከየት የመጣ ነው? ያሳደገሽን ሰው ለመካድ ነው ባሕር ያቋረጥሽው?

ፊልሙን ያየነው ሁስቢ ሰፈር፣ ትርሓስ ቤት ነው። እኔ ሥራ ሳድር በየማለዳው በራችንን አንኳኩታ፣ ቁርስ አብልታ፣ ጸጉርሽን ሠርታ ትምህርት ቤት ያደረሰችሽ ትርሓስ። «ልጃችንን እንያት» ብላ የጸሎት ጓደኞቻችንን የጠራችውም እሷ ናት። ያንን ስትናገሪ ወደ እኔ ዞራ፣ «ውባለም፣ እኔ አንኳኩቼ አላውቅም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ለሁላችንም ሻይ ቀዳችልን።

አፍሬብሻለሁ። ስለ ወንዝሽና ስለ ቅዳሜ ገበያሽ ሌላ ፊልም እንዳትልኪልኝ፤ አላይም። እኔን ይቅርታ አትበዪኝ። ልብሽን ያቅናልሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰው አያሳጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ለትርሓስ ደውዪላት። ጉልበቷን ስለሚያማት ስልኩ ጋ እስክትደርስ ብዙ ይጠራል። ቶሎ አትዝጊው።

እናትሽ ውባለም